ደባሉ ኮምፒውተር

ለመሆኑ ማንም ሳይጠይቃችሁ «ቀላል ነው» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዬ አውቃለሁ። አሁንም ምላሴን ካልያዝኩት እላለሁ። አስተማሪ ስለሆንኩ ይመስለኛል። አስተማሪ ማለት ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ሲመልስ የሚውል ሰው ነው፤ ከክፍል ሲወጣም ልማዱ አይለቀውም። ታክሲ ውስጥ አንዱ ተሳፋሪ በሩ አልዘጋ ሲለው ዝም ብዬ ማየት አልችልም። «አንደኛ፣ ትንሽ ወደ ላይ ማንሳት፤ ሁለተኛ፣ ወደ ራስ መሳብ» እላለሁ። ሦስተኛውን ሳልናገር ረዳቱ ይመጣና ጓ አድርጎ ይዘጋዋል።

የማስተምረው ኮምፒውተር ነው፤ ከሰባተኛ ሰፈር ብዙ በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት። ያን ሐሙስ ከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ ወደ መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ሄድኩ። የተማሪዎቼ የኮምፒውተር ክበብ ደረት ላይ የሚሰፋ ዓርማ አሠርቼ ነበርና እሱን ልቀበል ነው። ዓርማውን የጠለፉልኝ እትዬ ዘሀራ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከገበያ ሕንጻዎቹ በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የኮምፒውተር ጥልፍ ሱቅ አላቸው።

ሱቅ ስላችሁ ሰፊ ነገር አታስቡ። የጥልፍ ማሽኑ ከገባ በኋላ የተረፈው ቦታ ሰው እጁን ዘርግቶ ለማዛጋት እንኳ አይበቃም። መርካቶ ግን መርካቶ ነውና ከዚያችም ላይ አካፍለዋል። ጥግ ላይ ጋሼ ከድር ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ይሸጣሉ። የበሩ መዝጊያ ላይ ደግሞ ሻርፕ የምታንጠለጥል ሴት አለች፤ በሩ ሲዘጋ ሱቋም አብሮ ይዘጋል። እዚያ ሕንጻ ውስጥ ባዶ አየር ካለ የሚከራየው ሰው አይጠፋም።

ስደርስ ማሽኑ ዝም ብሏል። እትዬ ዘሀራ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። የቀሚሱ አንገት ባዶ ነው።

«ዓርማህ አልቋል፣ የኔ ልጅ። ውሰደው» አሉኝ። «እኔም አልቄያለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። የጥልፉን ጥለት ለማሽኑ የሚያዘጋጀው አሮጌ ኮምፒውተራቸው ትናንት ጢስ አውጥቶ ሞተ። ጠጋኙ ውስጡ የነበረውን ሁሉ፣ የጥልፉን ፕሮግራምም፣ ለዓመታት የሠሯቸውን ጥለቶችም፣ በፍላሽ አወጣላቸው። ልጃቸው ላፕቶፑን አዋሳቸው። ፕሮግራሙ ግን ከድሮው ዊንዶውስ በቀር ሌላ ቤት አላውቅም ብሎ ላፕቶፑ ላይ አልከፈት አለ።

ቀሚሱ የሰሚራ ነው፤ ሰሚራ እሁድ ታገባለች። ታላላቅ እህቶቿ በሙሉ በኒካህ ቀናቸው የለበሱት ቀሚስ አንገቱ ላይ አንድ ዓይነት ጥለት ነበረው። ጥለቱን የፈጠሩላቸው እትዬ ዘሀራ ናቸው፤ ከዚያ ቤት ልጆች ውጭ ለማንም ሠርተውት አያውቁም። ያለውም በዚያ እንቢተኛ ፕሮግራም ብቻ በሚከፈት ፋይል ውስጥ ነው።

«ሌላ ጥለት አይሆንም?» አልኩ።

ጋሼ ከድር ከጥጋቸው ቀና አሉ። «ቲቸር፣ አራት እህት አላት። የአራቱም ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተደርድሯል። አምስተኛዋ ሌላ ለብሳ አጠገባቸው ልትሰቀል ነው?»

«ቀላል ነው» ያልኩት ይሄኔ ነው።

ከኪሴ ማርከር አወጣሁ። (ማርከር ሳልይዝ ከቤት ከወጣሁ ያለ ጫማ የወጣሁ ይመስለኛል።) አንድ የክር ካርቶን ገልብጬ ትልቅ ሳጥን ሣልኩ፤ በትልቁ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ሳጥን።

«ይኸውላችሁ፣ ነገሩ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ትልቁ ሳጥን ላፕቶፑ ነው። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑ ውስጥ በሶፍትዌር ሌላ ኮምፒውተር እንፈጥራለን። አካል የለውም፤ እሱ ግን ኮምፒውተር ነኝ ብሎ ያምናል። የድሮውን ዊንዶውስ እሱ ላይ እንጭናለን፤ የጥልፉ ፕሮግራምም እሱ ላይ ይከፈታል።»

«ኮምፒውተር ውስጥ ኮምፒውተር?» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«ልክ እንደዚህ ሱቅ» አልኩ፤ ምሳሌ ሳገኝ ፊቴ ይበራል መሰለኝ። «ሱቁ የእርስዎ ነው። ውስጡ ደባል አለ። ደባሉ የራሱ ሥራ፣ የራሱ ደንበኛ አለው፤ መብራቱና ግድግዳው ግን የባለቤቷ ነው።»

ጋሼ ከድር መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ። «አካል የለውም ያልከው እኔን ነው?»

«አይደለም ጋሼ፣ ምሳሌ ነው።»

«ነኝ ብሎ ያምናል ያልከውስ?»

«እሱም ምሳሌ ነው።»

«ምሳሌው ሁሉ እኔ ላይ ነው እንዴ የሚወድቀው?»

እትዬ ዘሀራ ሳቁ። «ተወው፣ ልጁ እውነቱን ነው። ባለ ሱቅ ነኝ ብለህ ታምን የለ።»

ሦስተኛውን ልናገር ስል አንድ ተሸካሚ ቦንዳ ጨርቅ ተሸክሞ «መንገድ፣ መንገድ» እያለ በኮሪደሩ መጣ። ሁላችንም ግድግዳ ላይ ተለጠፍን፤ ሦስተኛው እዚያው ግድግዳ ላይ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። ይህን ሥራ በማውስ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ መጨረስ ይቻላል። እኔ ግን ተማሪዎቼ ፊት «ከትዕዛዝ መስመር ውጭ አልሠራም» ብዬ የፎከርኩ ሰው ነኝ። ትዕዛዝ መስመር ጥቁር መስኮት ነው። የምትፈልጉትን በፊደል ትጽፉለታላችሁ፤ ከገባው ይፈጽማል፣ ካልገባው በእንግሊዝኛ ይቆጣችኋል። በማውስ መሥራት ምግብ ቤት ገብቶ ፎቶው ላይ በጣት እያሳዩ እንደማዘዝ ነው። በትዕዛዝ መስመር መሥራት ግን ማድ ቤቱ ድረስ ዘልቆ ወጥ ሠሪዋን «ሽንኩርቱን ቀንሺ» ማለት ነው። ማድ ቤት የገባ ሰው ሊቃጠል እንደሚችል ያን ቀን ትዝ አላለኝም።

ሶፍትዌሩንና የድሮውን ዊንዶውስ ለማውረድ የስልኬን ዳታ ከፈትኩ። ኔትወርክ የሚገኘው በሩ ላይ ብቻ ስለሆነ ሻርፕ ሻጯ ስልኬን ከሻርፖቿ መሃል ሰቀለችልኝ። አንዲት ገዢ ሁሉንም ሻርፕ ስታገላብጥ ቆይታ ስልኬ ላይ ደረሰችና «ይሄስ ስንት ነው?» አለቻት።

ወርዶ አልቆ ጥቁሩን መስኮት ስከፍት እትዬ ዘሀራ ደነገጡ።

«ምን አደረግከው? ቀለሙ የት ሄደ?»

«እንዲህ ነው የሚሆነው እትዬ፣ አብሽሩ።»

ሰሚራ የገባችው በዚህ መሃል ነው። ቀሚሷን አየች፤ ባዶውን አንገት አየች፤ ጥቁሩን መስኮት አየች፤ በመጨረሻ እኔን አየች።

«ቀላል ነው» አልኳት።

«እሁድ ነው» አለችኝና ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። የተቀመጠችው ሥዕሌ ላይ ነበር።

የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ ተፈጠረ። ስሙን «ደባል» አልኩት። ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ድልድል ነው። ኮምፒውተር ራም የሚባል ነገር አለው፤ ሥራውን ዘርግቶ የሚሠራበት ወለል በሉት። ለደባሉ ከዚያ ወለል ላይ ድርሻ ይቆረጥለታል። ላፕቶፑ ያለው አራት ጊጋ ነው። ለድሮው ዊንዶውስ አንድ ከበቂ በላይ ነው። ይህን አውቃለሁ። አስተምረዋለሁ። ፈተና ላይም ጠይቄዋለሁ። ዝም ብዬ አንድ ብዬ ጽፌ ማለፍ ነበረብኝ፤ ማስረዳት ስለምወድ ግን ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

«ከአራቱ ለደባሉ አንዱን እንሰጠዋለን።»

«አንድ?» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ሦስቱስ ለማን ነው?»

«ለባለቤቱ፣ ለላፕቶፑ።»

«ነውር ነው፣ የኔ ልጅ። ገና አሁን መግባቱ ነው እኮ። እኛ አገር እንግዳ መደቡ ላይ ይቀመጣል፤ ባለቤት ደጃፍ ላይም ቢሆን ያመሻል።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር…»

«ደባል ነው ብለህ ያስረዳኸን አንተ ነህ» አሉ ጋሼ ከድር። ምሳሌውን አሁን ወደውታል። «ደባል ሁልጊዜ ጥግ ነው የሚሰጠው። የሙሽራዋን ሥራ የሚሠራው እሱ አይደል? ባለቤቱ ሦስቱን ይዞ ምን ሊሠራ ነው?»

«ባለቤቱ ያስተናግዳል።»

«ታዲያ ቆሞ ያስተናግድ።»

ሰሚራ በዝግታ ቀና አለች። «ብዙ ቢሰጠው ቶሎ ያልቃል?»

እውነቱን ልንገራችሁ። አስተማሪን በስድብ አታሸንፉትም፣ በለቅሶም አታሸንፉትም። ምሳሌውን ተረድታችሁ ከተከራከራችሁት ግን ልቡ ቅቤ ይሆናል። ክፍል ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቀን በዓመት አንዴ ከመጣ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። «ጨምርለት» አሉ እትዬ ዘሀራ። ሦስት አልኩ። «በሞቴ» አሉ፤ ልክ ጉርሻ እንደሚያጎርሱኝ። ሦስት ተኩል ጻፍኩ። ለባለቤቱ ደጃፏ ብቻ ተረፈችው።

ከዚያ የማስነሻውን ትዕዛዝ ሰጠሁ። ጥቁሩ መስኮት ደባል በሚገባ መነሣቱን በእንግሊዝኛ አበሠረ። እጆቼን አጣምሬ ወደ ኋላ ተደገፍኩ።

«ተነሣ» አልኩ።

ሁሉም አጎንብሰው ስክሪኑን አዩ።

«የታለ?» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«ውስጥ ነው።»

«አይታይም?»

«አይታይም። ግን አለ፤ እየሠራ ነው።»

ጋሼ ከድር ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደ ሊፍታችን ነዋ።» የዚያ ሕንጻ ሊፍት ይሠራል ይባላል፤ ሲሠራ ያየው ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።

በትዕዛዝ መስመር ስታስነሡት «ያለ መስኮት ተነሣ» ብላችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። እኔም ከክፍል ልማዴ የጻፍኩት እሱን ነው፤ ተማሪዎች ፊት ሲሆን ያስከብራል፣ ሙሽራ ፊት ሲሆን ግን ያሳፍራል። ደባሉ መጋረጃውን ዘግቶ ውስጥ ቁጭ ብሏል ማለት ነው። አጠፋሁትና በመስኮት እንዲነሣ አዘዝኩት።

አሁን ታየ። በስክሪኑ ውስጥ ሌላ ትንሽ ስክሪን ተከፈተ፤ የድሮው ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ ብቅ አለ። እትዬ ዘሀራ «ማሻአላህ» አሉ። ሰሚራም ከካርቶኑ ተነሣች። እኔም «አጫጫኑ ሦስት ደረጃ አለው፤ አንደኛ…» ብዬ ስጀምር ሁሉ ነገር ቀጥ አለ።

ሰዓቱ ቀጥ፣ መስኮቱ ቀጥ። የላፕቶፑ ማራገቢያ ብቻ ከባድ ጭነት ይዞ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ማቃሰት ጀመረ። ትዕዛዝ ጻፍኩ፤ ፊደል አልወጣም። ቆይታ አንዲት ፊደል ወጣችና እሷም ብቻዋን ቀረች።

«አሁን ደግሞ ምን ሆነ?» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«እያሰበ ነው» አልኩ።

«ሰርጉ እኮ የኔ ነው» አለች ሰሚራ። «እሱ ምን ያሳስበዋል?» ለመቀለድ ፈልጋ ነበር፤ ድምጿ ግን መሃል ላይ ተሰበረ።

ያኔ ዓይኔ ላፕቶፑ ጎን ላይ ወደተሰካው ፍላሽ ሄደ። «የዚህ ሌላ ቅጂ አለ አይደል?» ብዬ ጠየቅኩ። የለም። ጥለቱ በዚህ ዓለም ላይ ያለው እዚያች ፍላሽ ላይ ብቻ ነው። «ከመጀመራችሁ በፊት ቅጂ ያዙ» የሚለውን ጽሑፍ በክፍሌ ግድግዳ ላይ በቀይ ማርከር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ባለቤቱ መቆሚያ አጣ» አልኩ በመጨረሻ። «ቦታውን ሁሉ ለደባሉ ሰጠነው። ባለቤቱ መንቀሳቀስ ካልቻለ ደባሉም አይችልም፤ ቆሞ የሚሠራው በባለቤቱ ቤት ነዋ።»

እትዬ ዘሀራ ቀስ ብለው ወደ ጋሼ ከድር ዞሩ።

«የዒድ ሰሞን» አሉ።

«ምን የዒድ ሰሞን?»

«የዚፕ ካርቶንህን እስከ ጣራ ሞልተህ፣ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ የደንበኛ ልክ ስወስድ አልነበር? ‹ግድ የለም፣ እንግዳ ነው› እያልኩ ማሽኔ ጋ መድረስ አቃተኝ።»

«ታዲያ አነሣሁልሽ አይደል?»

«ያነሣኸው ያንተም ደንበኛ መግቢያ አጥቶ ሲመለስ ነው።»

ጋሼ ከድር መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። «አንድ ስጠው፣ ቲቸር» አሉ። «አንድ ለደባል ይበቃል።»

የላፕቶፑን ማጥፊያ ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩ። ማቃሰቱ ጸጥ አለ። እንደገና ሲነሣ ከሁሉ በፊት ፍላሹን ከፈትኩ፤ ሰሚራም ትከሻዬ ላይ አጎነበሰች። ፋይሎቹ አሉ። ቃል ሳልናገር ወደ ላፕቶፑም ወደ ራሴ ፍላሽም ቀዳኋቸው። ከዚያ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ፣ ማንንም ሳላማክር፣ አንድ ብዬ ጻፍኩ።

ከዚህ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። ደባሉ ቀስ እያለ ዕቃውን አስገባ። ጋሼ ከድር ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ሄደው ተመለሱ፤ «ገባ?» አሉ። እየገባ ነው። ሻርፕ ሻጯ ሻይ አመጣችልን። በመጨረሻ የድሮው ዊንዶውስ ተከፈተ። ፍላሹን ብቻ አላየውም አለ። ይህን እንኳ ወዲያው አወቅኩት፤ ባለቤቱ ደጅ ላይ ይዞታል። «ፍላሹን ለደባሉ አሳልፈህ ስጥ» የሚል ትዕዛዝ አለ፤ እሱን ጻፍኩ።

«የኔንም ዕቃ ጥበቃው እታች እንዲህ ነው የሚያግተው» አሉ ጋሼ ከድር። ደባሉን እንደ ሥጋ ዘመድ ማየት ጀምረዋል።

ፕሮግራሙ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው ምንም ሳያጉረመርም ተጫነ፤ ጥለቱም ተከፈተ። ቅጠል ቅጠልን ይዞ የሚዞር ቀጭን ሐረግ ነው፤ በየመሃሉ ትንንሽ ኮከብ አለበት። ሰሚራ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ሐረጉን ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው።

«ይሄ ነው» አለች።

እትዬ ዘሀራ የቀሚሱን አንገት ወጥረው ማሽኑ ላይ አሰሩ። መርፌው ሲጀምር ሱቁ ተንቀጠቀጠ። እኔ ጥለቱ ከደባሉ ወጥቶ እንዴት መርፌው ጋ እንደሚደርስ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ ጩኸቱ ዋጠው። ጥሩ አደረገ። የመጀመሪያው ኮከብ ነጩ ጨርቅ ላይ ሲወጣ ሁላችንም አጎንብሰን አየነው።

ቀሚሱ አልቆ ሰሚራ አቅፋው ከሄደች በኋላ ለእትዬ ዘሀራ የመጨረሻውን ትምህርት ልሰጥ ተቀመጥኩ።

«አሁን ደባሉን እናጥፋው። ሥራ ሲጨርሱ በዚህች ትዕዛዝ…»

እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡ። «ማንን ነው የማጠፋው?»

«ደባሉን።»

«ሙሽራዬን ያለበሰልኝን? እኔ እንግዳ ውጣ ብዬ አላውቅም፤ ጭራሽ አጥፋ ትለኛለህ?»

ጋሼ ከድር በዚህ ሐሳብ አጥብቀው ተስማሙ። ደባል እንዲህ በቀላሉ መጥፋት የለበትም አሉ።

ደግነቱ ሌላ ትዕዛዝ አለ። ደባሉ የዘረጋውን ሁሉ እንደዘረጋ ያርፋል፤ በማግስቱ ካቆመበት ይቀጥላል። ትዕዛዙ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ አንዲት ቃል አደረግኩላቸው፦ «ሸኝ»። እትዬ ዘሀራ ፊደሎቹን በአንድ ጣታቸው እየፈለጉ ጻፏት። ትንሿ መስኮት ስትዘጋ እንደ ልማዳቸው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «በሰላም ግባ» አሉት። እስከዛሬ ማታ ማታ የሚያደርጉት እንዲሁ ነው።

እሁድ ሰርጉ ላይ ተጠርቼ ነበር። ጋሼ ከድር «ይሄ ነው ቀላል ነው ባዩ» እያሉ ለሙሽራዋ ዘመዶች አስተዋወቁኝ። አምስተኛው ፎቶም ግድግዳው ላይ ወጥቷል አሉ፤ ከአራቱ የሚለየው በፊቷ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነገር አልተነገረም። አሁን ቦንዳ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ልበላችሁ፤ ሦስተኛ፣ እናንተም ሞክሩት። በቅድሚያ ቅጂ ያዙ። ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ፤ ለደባላችሁ ስም አውጡለት። ድርሻውን ለመቁረጥ ስትደርሱ «ጨምርለት፣ በሞቴ» የሚል ድምፅ መስማታችሁ አይቀርም፤ ከጎረቤት ካልመጣ ከውስጣችሁ ይመጣል። እኔ ራሴ ባለፈው ሰሞን ቤቴ ብቻዬን ተቀምጬ ስሞክረው ሁለት ሰጥቼዋለሁ። እስቲ እናንተ አንድ ብላችሁ ለመጻፍ ሞክሩና እጃችሁ እሺ ይላችሁ እንደሆነ እዩት።